መብራቱ እዚህ፣ ጭሱ ወዲያ

አንድ የኃይል ማመንጫ ስንት ካርቦን እንደሚለቅ ለማወቅ ጭስ ማውጫው ላይ መለኪያ መግጠም ይቻላል። መለኪያ በሌለበት ግን ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ ሞከሩ፤ የሌሊት መብራትን ከሳተላይት አይቶ ጭሱን መገመት። ይህ ግምት ከየት መጣ? ለእኛስ ይሠራል?

ነገሩ የተጀመረው በወታደር ቤት ነው። የአሜሪካ ጦር የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ደመና እንዲያዩ የተገጠመላቸው መሣሪያ የከተማ መብራትንም አየ። ምስሎቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሲቪል ሳይንቲስቶች ተፈቀዱ፤ ከ1992 ጀምሮም በዲጂታል ተቀመጡ። በ1997 ክሪስቶፈር ኤልቪጅና ባልደረቦቹ የመብራቱ ስፋት ከኢኮኖሚና ከኤሌክትሪክ ፍጆታ ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳዩ። ከዚያ ወዲያ ካርቦን ሩቅ አልነበረም።

ግን ችግር ነበረው። መብራት የሚያሳየው ኤሌክትሪክ የት እንደሚበላ ነው እንጂ የት እንደሚመነጭ አይደለም። የድንጋይ ከሰል ማመንጫው ከከተማ ርቆ ጨለማ ውስጥ ሊጨስ ይችላል። ቶሞሂሮ ኦዳና ሻሚል ማክሲዩቶቭ በ2011 ባሳተሙት «ኦዲያክ» በተባለው ካርታ ይህን አረሙ። ማመንጫዎችን ከዓለም አቀፍ ዝርዝር ወስደው በየቦታቸው አስቀመጡ፤ የቀረውን የአገር የነዳጅ ጭስ በመብራቱ ድምቀት አከፋፈሉ።

ይህን ሚዛን ይዘን መርካቶ፣ እህል በረንዳ እንውረድ። እዚያ የሚበራው አምፖል በአብዛኛው የውሃ ኃይል ነው። በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው ቆቃ እስከ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ድረስ የተከማቸ ውሃ ነው ሽቦ ላይ የሚሄደው። የበረንዳው ጭስ ያለው ጤፍና ስንዴ ጭኖ ከጎጃምና ከአርሲ በሚመጣው አይሱዙ ናፍጣ ውስጥ ነው። ናፍጣው የሚቃጠለው መብራት በሌለው አስፋልት ላይ ነው፤ በድምቀት የሚያከፋፍል ካርታ ግን ከመንገዱ ቀንሶ አዲስ አበባ ላይ ይጭነዋል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይባስ። ጄኔሬተር ይነሳል፣ ጭስ ይጨምራል፤ ከሰማይ የሚታየው ግን የጨለመ ሰፈር ነው። ኩራዝ ጥሎ ከግድቡ መስመር የገባ የገጠር ቀበሌ በአንጻሩ ከጋዝ ጭስ ተገላግሎ ሳለ ካርታው ላይ እንደ አዲስ ጢሰኛ ይመዘገባል። የምድጃው ማገዶና ከሰል ከነጭራሹ ሒሳቡ ውስጥ የለም፤ ካርታው የሚቆጥረው ነዳጅን ነው።

ሳተላይቱን ማጣጣሌ አይደለም፤ መብራት ጭስ በሆነበት አገር ጥሩ ምስክር ነው። እኛ ግን የተበደርነውን ካርታ ሳንመረምር ለከተማ ዕቅድ ብንጠቀምበት፣ መጀመሪያ የምንቆጣጠረው የነጋዴውን አምፖል ይሆናል፤ የናፍጣ መኪናው መንገዱን ይቀጥላል። ነዳጃችን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል በሊትር ተቆጥሮ የሚገባ ነው። ስንት እንደገባ ከተመዘገበ፣ የት እንደተቃጠለ መከታተል የእኛ የቤት ሥራ ነው። እህል በረንዳ እህሉን በዓይን አይሸጥም፤ ሚዛን ላይ አውጥቶ ነው። ጭሳችንንም እንደዚያው ብናደርገው ምን አለበት?