ኮርያን በራሷ ቋንቋ ማጥናት፦ የውጭ አገር ተማሪና የታሪክ ምንጮች ጥያቄ

በአማርኛ የኮርያ ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው የቃኘው ሻለቃ ጦር ነው። ከ1951 ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ወድቀዋል። መታሰቢያው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድን አገር በጦር ሜዳነቱ ብቻ ማወቅ ሕዝቡን እንደ ማወቅ አይቆጠርም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው የውጭ ሰው ኮርያን ማጥናት የጀመረው እንዴት እንደ ሆነና ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ምን ሊይዝ እንደሚገባው ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከአውሮፓ ወገን ስለ ኮርያ ሰፊ ዘገባ በመጀመሪያ ያሳተመው ሄንድሪክ ሃመል የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ነው። በ1653 መርከቡ በጄጁ ደሴት አጠገብ ተሰብሮ 13 ዓመት በግዞት ከቆየ በኋላ በ1666 አመለጠ፤ ዘገባውም ከሁለት ዓመት በኋላ ታተመ። የቋንቋው ጥናት ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቆይቷል። በ1880 የፈረንሳይ ካቶሊካውያን ሚሲዮናውያን የኮርያኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በዮኮሃማ አሳተሙ፤ በ1897 ደግሞ የጄምስ ጌል የኮርያኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወጣ። ሁለቱም ሥራዎች የተዘጋጁት ለስብከት አገልግሎት ቢሆንም፣ ጥቅማቸው ከዚያ አልፎ ለቋንቋ ጥናት መሠረት ሆኗል።

ኮርያውያን ራሳቸው ለቋንቋቸው የሰጡት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 አዲሱን ፊደል አዘጋጅቶ በ1446 በዐዋጅ ሲያወጣ፣ ዓላማው የቻይናን ጽሕፈት ያልተማረው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲጽፍ ማስቻል ነበር። ሊቁ ቼ ማንሪና ጓደኞቹ ግን በ1444 የተቃውሞ ማመልከቻ አቀረቡ፤ ከቻይና ሥልጣኔ መለየት አረመኔነት ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። ስለዚህ በአገር ቋንቋ መጻፍ ለብዙ ዘመን ዝቅ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል።

በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ዘመን (1910-1945) ጉዳዩ የህልውና ጥያቄ ሆነ። በ1942 መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ላይ የነበሩ የኮርያ ቋንቋ ማኅበር አባላት ታሰሩ፤ ሁለቱ፣ ዪ ዩንጄና ሃን ጂንግ፣ በወህኒ ቤት ሞቱ። የተወረሰው ረቂቅ በ1945፣ ከነጻነት በኋላ፣ በሴኡል ባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1947፣ የመጨረሻው በ1957 ታተመ። ዛሬ የውጭ ተማሪ በቀላሉ የሚገልጠው መዝገበ ቃላት ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ነው።

ለባዕዳን በሥርዐት የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ዮንሴ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተቋሙን በ1959 ከፈተ፤ መንግሥት ለውጭ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል በ1967 መስጠት ጀመረ፤ የኮርያ ጥናት አካዳሚ በ1978 ተቋቋመ፤ የብቃት ፈተናውም ከ1997 ጀምሮ ይሰጣል። በመንግሥት ድጎማ የሚማረው ብዙውን ጊዜ ወደ ሙያው ከመግባቱ በፊት ቋንቋውን አንድ ዓመት ያህል ይማራል።

በእኛ አስተያየት ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓመት ለገበያና ለመማሪያ ክፍል ይበቃ ይሆናል እንጂ ለታሪክ ምንጭ አይበቃም። የቾሶን ነገሥታት ዜና መዋዕል የተጻፈው በጥንታዊ ቻይንኛ ነው፤ በደቡብ ኮርያ ወደ ዘመናዊው ቋንቋ ተተርጉሞ ያለቀው በ1993 ነው። የቅኝ አገዛዙ ሰነዶች በአብዛኛው በጃፓንኛ ናቸው። እንግዲህ የታሪክ ተማሪው ሦስት ቋንቋ ይጠበቅበታል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ግዕዝ ሳያውቅ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል መርምሬአለሁ የሚል ሰው የምንታዘበውን ያህል፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ ስለ ኮርያ የሚፈርደውንም ልንታዘበው ይገባል።

የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ጥናት አንዳንድ ብልጫ አለው። ግሥ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ መምጣቱ አያስቸግረውም። አንቱታን ያውቃል፤ ይሁንና የኮርያኛው አክብሮት ከተውላጠ ስም ይልቅ በግሡ መድረሻ ላይ የሚያርፍና እንደ አድማጩ ዕድሜና ማዕርግ ብዙ ደረጃ ያለው ስለ ሆነ፣ በአንተና በአንቱ ልክ ብቻ ቢለካው ይሳሳታል። ፊደሉም እንደ ፊደላችን በቀለም በቀለም ይነበባል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ቀለም የተገጣጠመው ራሳቸውን ከቻሉ ተነባቢና አናባቢ ምልክቶች ነው። የአገሩ መከፈል እንኳ በስያሜ ይታያል፤ ደቡቡ ፊደሉን ሃንጉል ሲለው ሰሜኑ የቾሶን ፊደል ይለዋል፤ የፊደሉንም በዓል ደቡቡ በኦክቶበር 9፣ ሰሜኑ በጃንዋሪ 15 ያከብረዋል። ከሁለቱ በአንዱ ስም መጥራት ሳይታወቅ ወገን መለየት ይሆናል።

ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ አጭር ነው። ወደ ኮርያ የሚሄዱ ወጣቶቻችን ቋንቋውን ወደ ሌላ ሙያ መሻገሪያ ብቻ ካደረጉት፣ ስለዚያ ሕዝብ የምናውቀው ሌሎች መርጠው የተረጐሙልንን ብቻ ይሆናል። የራሳችን ወታደሮች በዚያ ምድር ምን ተብለው እንደ ታወሱ እንኳ የምናነበው በሌላ ሰው ዐይን ነው። ከመቶው አንዱ እንኳ በመዛግብቱ ዘንድ ቢቀመጥና ያነበበውን በአማርኛ ቢጽፍልን፣ በደም የተጀመረው ትውውቅ በዕውቀት ይጸናል።