የጋፋቱን አያት በኑዛዜ መፈለግ

ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ «አያቴ የጋፋት ፈረንጅ ዘር ነን ይላሉ» ብሎ ሲነግረን አስቀድመን ሳቅንበት። ኋላ ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አለመሆኑን ተረዳን። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የሠሩት ጀርመኖችና ሌሎች አውሮፓውያን ከአገራችን ሴቶች ልጆች ወልደዋልና። ወደ ሰባት ሺህ ኪሎ የሚመዝነው ሴባስቶፖልም በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጎተት በጋይንት በኩል አልፎ የጨጨሆን ዳገት በሰው ጉልበት ወጥቷል።

ታዲያ እንዲህ ያለ አያት በምን ይገኛል? በጀርመን አገር ዘሩን የሚቈጥር ሰው የሟች ንብረት መዝገብ ይመለከታል። በዉርተምበርግ ሰው ሲያገባና ሲሞት ያለው ሀብት ሁሉ፥ ከእርሻው እስከ ማንኪያው፥ ተቈጥሮ ይጻፍ ነበር። ወራሾቹም በየስማቸው ይገባሉ፤ ባሕር ተሻግሮ የቀረው ልጅ እንኳ ድርሻ ስላለው አይረሳም። ስለዚህ አባት የተወው መዝገብ የጠፋውን ልጅ አድራሻ ሊነግር ይችላል።

በእኛ በኩል መንገዱ ሌላ ነው። ሕመም የጸናበት ሰው የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን አስጠርቶ በቃል ይናዘዛል። የተጻፈ ሲኖርም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በደብሩ ወንጌል ኅዳግ ወይም ባዶ ቅጠል ላይ ነው፤ ሰጪው፥ ተቀባዩና ምስክሮቹ ከተጠሩ በኋላ በግዝት ይታሰራል። ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅ የጎንደርን ዘመን የመሬት ታሪክ የጻፉት እንደዚህ ያሉ ጽሑፎችን መርምረው ነው። ወንጌሉ ግን የመደብር መጽሐፍ አይደለም፤ ቄሰ ገበዙ ካልፈቀዱ አይገለጥም።

እዚህ ላይ ጓደኛችን ተሳስቶ ነበር። የፈረንጁን ስም ፈልጉልኝ ይል ነበር። ፈረንጁ በአገሩ የአቅኚ አባት ልጅ ስላልሆነ የሚያወርሰው ርስት የለውም፤ በእኛ ሥርዓት ግን ርስት በእናትም ይወረሳልና፥ ልጁ የሚገኘው በእናቱ ወገን ነው። የክርስትና ስምም ሌላ እንቅፋት ነው። የአንሃልቱ ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደር ልጅ በአውሮፓ ካታሪና ስትባል በአገራችን ወለተ ኢየሱስ ነበረች። እርስዋን ያገባው መድፍ ሠሪው ሞሪትዝ ሆል ከመቅደላ በኋላ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ያፋ ሄደ፤ ዝነኛው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭም የልጅ ልጃቸው ልጅ ነው። ከጋፋት ሰዎች ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ስለ ወጡ፥ እዚህ ቀርተናል የሚል ቤተ ሰብ ሁሉ እውነቱን ነው ማለት አንችልም።

ቀድሞ በእስቴም ሆነ በስማዳ ትውልድ መቍጠር የማይችል ሰው በርስት ክርክር ይረታ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ካስቀረ ወዲህ ግን ለመቍጠር የሚያስገድድ የለም፤ የሚቈጥሩት ሽማግሌዎችም እያለቁብን ነው።

ስለዚህ ባለፈው ዕረፍት አያቲቱ ዘንድ ሄድን። ቡና እያፈሉ በእናታቸው በኩል እስከ አምስት ቤት ቈጠሩልን፤ እኛም ጻፍነው። ፈረንጁን «ያ መድፈኛ» ከማለት በቀር ስም አላወጡለትም። የሚስቱን የክርስትና ስምና የደብርዋን ታቦት ግን ሳያመነቱ ነገሩን። አሁን የቀረን ቄሰ ገበዙን የሚለምንልን ሰው ማግኘት ነው።