ውርጌሳ፦ ምግብና አካባቢ

ውርጌሳ በሰሜን ወሎ ሐብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአካባቢው ገበታ በማሽላና በጤፍ እንጀራ ላይ የቆመ ነው። ማሽላ ድርቅን ስለሚችል ለቆላው ገበሬ መተማመኛው ነው፤ አገዳው ለመኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይውላል። ቀንደኛ ጠላቱ ሥሩ ላይ ተጣብቆ የሚመጠምጠው አቀንጭራ ሲሆን፣ በዚሁ ወረዳ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይህን አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎች ላይ ሠርቷል።

ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናትና ሌሎችንም አጽዋማት ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ርቆ በሽሮና በምስር ያሳልፋል። ሙስሊምና ክርስቲያን በሚጎራበቱበት በወሎ፣ ደጋሽ ለሌላው እምነት ጎረቤቱ ለብቻ ያሳርዳል። እንግዳን ሳያሳቅቁ ማብላት እንዲህ ነው።

ይህ ገበታ በአካባቢው ላይ የሚያሳድረው ትልቁ ጫና ያለው ግን ከምጣዱ ሥር ነው። ሊጡ ፈስሶ፣ አክንባሎው ተከድኖ እንጀራው እስኪበስል ድረስ እሳቱ በሦስቱ ጉልቻ መሐል በየአቅጣጫው ይባክናል፤ ጭሱም የጋጋሪዋን ዓይን ያቃጥላል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይማገዳል፤ ማሳውም ፍግ ያጣል። ዙሪያው የተዘጋው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል።