በወጣ ፓችና በተጫነ ፓች መካከል፦ የሃይፐርቫይዘር ጥገና ለምን ይዘገያል?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 የፈረንሳይ መንግሥት የሳይበር አደጋ ምላሽ ማዕከል፣ ሰርት-ኤፍአር፣ የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር የሆነውን ኢኤስኤክስአይን የሚያሄዱ ሰርቨሮች በራንሰምዌር እየተመቱ መሆናቸውን አስጠነቀቀ። «ኢኤስኤክስአይ-አርግስ» የሚል ስም የወጣለት ጥቃት በቀናት ውስጥ ከ3,800 በላይ ሰርቨሮችን እንዳዳረሰ የአሜሪካ መንግሥት ተቋማት ገለጹ። መግቢያ ሆኗል ተብሎ በቀዳሚነት የተጠቀሰው የኦፕንኤስኤልፒ አገልግሎት ክፍተት፣ ሲቪኢ-2021-21974፣ ነው። ለዚህ ክፍተት ቪኤምዌር ፓች ያወጣው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2021 ነበር። ማስጠንቀቂያው ሲሰማ ፓቹ ሁለት ዓመት ሊሞላው የቀረው 20 ቀን ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለውን መዘግየት በባለሙያው ቸልተኝነት ማሳበብ ይቀናናል። እኔ ግን የችግሩ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ከባለሙያው በፊት፣ ሰርቨሮቹ በተገዙበት ቀን የተተከለ ነው እላለሁ።

አንድ አስተናጋጅ ሰርቨር ላይ ደመወዙም፣ ኢሜይሉም፣ ዳታቤዙም በየራሳቸው ቨርቹዋል ማሽን ተሳፍረዋል። ማሽኖቹን የሚያስተናግደውን ሶፍትዌር፣ ሃይፐርቫይዘሩን፣ ጠግኖ ሰርቨሩን ዳግም ለማስነሳት ተሳፋሪዎቹ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወር አለባቸው። ለዚህ ባዶ ሜሞሪ ያስፈልጋል። እኩል አቅም ያላቸው ሦስት ሰርቨሮች ቢኖሩ፣ አንዱን ባዶ ለማድረግ የቀሩት ሁለቱ የሦስቱን ሸክም መቻል አለባቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው በአማካይ ከሁለት ሦስተኛ በላይ መሞላት የለባቸውም። 80 በመቶ ከተሞሉ የሁለት ሰርቨር ከ40 በመቶ ሸክም በሁለቱ ላይ ይወድቃል፤ አይገባም። ያኔ የቀረው መንገድ አገልግሎት ማቋረጥ ነው። የደመወዝ ክፍሉ ወር መጨረሻ ነው ይላል፣ ሌላው በበጀት መዝጊያ ያመካኛል፣ ፓቹም ወር አልፎ ወር ይጠብቃል። ዛሬ ሥራ ፈት የመሰለው ሜሞሪ የጥገና ፈቃድ መሆኑን ግዢውን የሚያጸድቁ ኃላፊዎች ሊያውቁት ይገባል።

ፓቹ ተጭኖም ሥራው ላያልቅ ይችላል። በ2015 ይፋ የሆነው «ቬኖም» ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስኬደው ኪውኢኤምዩ በተባለ ሶፍትዌር የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያ ኮድ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ የነበረ ክፍተት ነው። ፍሎፒ ያልተጠቀመ ማሽን እንኳ ከአደጋው አላመለጠም። አዲሱ ኮድ ዲስክ ላይ ቢቀመጥም፣ አስቀድሞ የተነሳ ቨርቹዋል ማሽን በሜሞሪ የያዘውን አሮጌ ኮድ ይዞ ይቀጥላል። ተጠቃሚው ከውስጥ «ሪስታርት» ቢለው እንኳ አይለወጥም፤ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ መነሳት ወይም ወደ ተጠገነ አስተናጋጅ መዛወር አለበት።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። አማዞን በሴፕቴምበር 2014 የዜን ሃይፐርቫይዘር ክፍተት ይፋ ከመደረጉ በፊት ከደመና ሰርቨሮቹ 10 በመቶ የማይሞሉትን ዳግም ለማስነሳት ተገዷል። ዜን በ2016 በወጣው ስሪት 4.7 ሳይጠፉ መጠገንን አስተዋወቀ፤ ሆኖም እርማት ሁሉ በዚህ መንገድ አያልፍም።

በኢኤስኤክስአይ-አርግስ ረገድ ግን የአቅም እጥረት የማይመልሰው ጥያቄ አለ። የኦፕንኤስኤልፒን አገልግሎት ማቆምና ፖርት 427ን ከኢንተርኔት መዝጋት ሰርቨሩን ዳግም ማስነሳት አይጠይቅም፤ አንድም ተሳፋሪ አይወርድም። ቪኤምዌር ራሱ በ2021 ከስሪት 7.0 ዩ2ሲ ጀምሮ አገልግሎቱን ጠፍቶ እንዲመጣ አድርጎታል። ፓች መጫን ላቃተው ተቋም ይህ በር ክፍት ነበር፤ በጥቂት ትእዛዞች የሚያልቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ።