22 ቁጥር የዞረበት ሰፈር

አዲስ አበባ ውስጥ አንዱን ጓደኛችሁን “የት ሰፈር ነህ?” ብላችሁ ጠይቁት። “22” ሊላችሁ ይችላል። 22 ምን? የቤት ቁጥር አይደለም፣ የቀበሌም አይደለም። አውቶቡስ ነው። 22 ቁጥር አንበሳ አውቶቡስ ከመሀል ከተማ ተነስቶ እዚያ ሲደርስ መሪውን ጠምዝዞ ይመለስ ስለነበር ቦታው “22 ማዞሪያ” ተባለ። ኋላ ላይ “ማዞሪያ” የምትለዋ ቃል ከአፍ እየወደቀች ሄደችና ቁጥሩ ብቻውን ቀረ። 18 ማዞሪያም ታሪኩ ያው ነው።

ነገሩ የሚገርመው በ2008 ዓ.ም. የከተማ ባቡር ሲመጣ ነው። በዚያ በኩል ያሉት ሁለት ጣቢያዎች “ሀያ ሁለት” ተብለው ተሰየሙ። ባቡር በአውቶቡስ ቁጥር ሲጠራ አያችሁ? ይህች ከተማ ሐውልት የምታቆመው ለነገሥታት ብቻ አይደለም፤ ለአውቶቡስም በአፏ ሐውልት ታቆማለች።

እኛ የ22ን ነገር ያነሳነው ለጨዋታ ማድመቂያ አይደለም። የአዲስ አበባን የትራንስፖርት ታሪክ የሚከታተል ሰው ሳያስበው የሱቆቿን፣ የሻይ ቤቶቿንና የእድሮቿን ታሪክ ይከታተላል። ዛሬ ሰፈሮቻችን በፍጥነት በሚነሱበትና በሚተከሉበት ጊዜ ደግሞ ይህን ታሪክ ማወቅ ከትዝታ በላይ ጥቅም አለው ብለን እናምናለን።

ከእግር እንጀምር። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማ ከመምሰሏ በፊት የሰፈር ስብስብ ነበረች። “ሰፈር” የሚለው ቃል ራሱ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንላቸው መኳንንቱ ከነአሽከሮቻቸው የሰፈሩባቸው ቦታዎች ናቸው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ገደል አለ። መኳንንቱ በበቅሎ፣ ሌላው ሁሉ በእግሩ ይሄዳል። በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ ገብቶ እንጦጦ በጫካ ከተሸፈነ በኋላ፣ ከተራራው ወደ ከተማ የሚወርዱትን ቀጫጭን መንገዶች በእግራቸው ደልድለው ያቆዩት ጀርባቸው ላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ናቸው። ዛሬ እንጦጦ ላይ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው ፓርክ ስኒከር አድርገን ስንንሸራሸር፣ ያ ተራራ ለመዝናኛ ከመሆኑ በፊት የስንት ቤት ምድጃ ሲያነድ እንደኖረ ማስታወስ አይከፋም።

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች በ1900 ዓ.ም. ለምኒልክ ቀረቡ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ደረሰ። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን “ላ ጋር” አሉት፤ የኛ ሰው “ለገሀር” ብሎ ተረከበው። ጣቢያ በቆመበት ሆቴል፣ መጋዘን፣ ሸቃጭና ተሸካሚ ይሰበሰባል። ለገሀርም ከዚህ አላመለጠም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በወረራው ዘመን ከጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቁ የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት የታሰበ የዘረኝነት ፕላን ነበር። ጣሊያን ተባሮ ሄደ፣ ፕላኑም ሳይፈጸም ቀረ፤ ቃላቱ ግን አልሄዱም። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ፣ ፌርማታ፣ ታፔላ። በተለይ “ፌርማታ”ን ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ከድል በኋላ በ1935 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ በጣት በሚቆጠሩ መኪኖች ሥራ ጀመረ። ያ ጅምር ነው አድጎ ቀይና ቢጫውን አንበሳ የሆነው። አንበሳ ለከተማዋ ምን አደረገ? ሰው አመላለሰ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ፌርማታን እንይ። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የቆመ ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ጫማውን ያያል። ስለዚህ በቆሎ የምትጠብስ እናት መጣች፣ ሊስትሮ መጣ፣ ጋዜጣ አዟሪ መጣ፣ ማስቲካና ሶፍት የያዘ ሱቅ በደረቴ መጣ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው ከኋላቸው ግድግዳውን ፈልፍሎ ኪዮስክ ከፈተ።

ማዞሪያ ደግሞ ከፌርማታ ይበልጣል። እዚያ ሁሉም ተሳፋሪ ይወርዳል፤ ቤቱ ከማዞሪያው ወዲያ የሆነው ሰው ቀሪውን በእግሩ ይቀጥላል፤ ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ ወርደው ሻይ ይጠጣሉ። ሻይ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ከሰል ተራ፣ ጫማ ሰፊ፣ ፀጉር ቤት በዚህ ሁሉ እግር ላይ ቆሙ። እንግዲህ 22 ሰፈር የሆነው በማንም ትእዛዝ አልነበረም። አውቶቡሱ ዞረ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው የወረደበት ቦታ ንግድ ሆነ፣ ንግድ ያለበት ቦታ ሰፈር ሆነ።

ታክሲስ? ታክሲ በዚህች አገር ታሪክ ሰውን ብቻ ሳይሆን መንግሥትንም አንቀሳቅሳ ታውቃለች። በ1966 ዓ.ም. የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲንር መንግሥት በአገር ውስጥ የቤንዚን ዋጋ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን በትምህርት ፖሊሲው የተነሳ አድማ ላይ ነበሩ። ከተማዋ ተናወጠች። በአምስት ቀን ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጁ ዋጋ እንዲቀንስና የትምህርት ለውጡ እንዲዘገይ አደረጉ። ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥራ ለቀቀ። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አብዮቱን ያመጣችው ታክሲ ናት ማለታችን አይደለም፤ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ረሀቡም ነበር። ነገር ግን ከተማ የሚተነፍሰው በትራንስፖርቱ መሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከየካቲት 1966 የተሻለ አስተማሪ አያገኝም።

ከሴይቼንቶ ቀጥለን ደግሞ “ውይይት”ን እናስታውስ። ከኋላዋ ጣራ የለበሰች ፒካፕ፣ ግራና ቀኝ ሁለት አግዳሚ ወንበር፤ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጦ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። ዘመኑ ሠራተኛውም የቀበሌው ነዋሪም ለፖለቲካ ውይይት እየተጠራ የሚሰበሰብበት ስለነበር ሕዝቡ መኪናዋንም “ውይይት” አላት። ይህ የአዲስ አበባ ቀልድ ነው፤ አፍ በሚዘጋበት ዘመን ዝም ብለው ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎችን ውይይት ላይ ናቸው ማለት።

ቀጥሎ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ዘመኑን ወሰደ። ወያላው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የከተማዋን ካርታ በዜማ ያነበንብልን ጀመር። በ2003 ዓ.ም. የቀጠና ስምሪት ሲመጣ መስመሩ በታፔላ ተጻፈ፤ ወያላው ግን መጥራቱን አልተወም። ከሁሉ የሚያስደንቀን ሰልፉ ነው። ጠዋትና ማታ ከአስፋልት ዳር ተጠማዝዞ የሚሄደውን የታክሲ ሰልፍ የውጭ ሰው ሲያየው ችግር ብቻ ይታየዋል። ችግር መሆኑ ልክ ነው። ግን በዚያ ሰልፍ ውስጥ “አንዴ ቦታዬን ያዝልኝ” ተብሎ ለማያውቁት ሰው አደራ ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ወደፊት ይለፉ ይባላል፤ የሚያልፍ ቀማኛ በጋራ ይገሠጻል። ማንም ደመወዝ አይከፍልበትም። “በጎ ፈቃድ” የሚባለው ነገር ቲሸርት ለብሶ፣ ባነር ይዞ ብቻ የሚመጣ ለሚመስለን ሁሉ፣ የታክሲ ሰልፍ ጥሩ ማስተካከያ ነው።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የከተማ ባቡር በ34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ አያትን ከጦር ኃይሎች፣ ምኒልክ አደባባይን ከቃሊቲ አገናኘ። ለብዙ ተሳፋሪ እፎይታ ነበር፤ በርካሽ፣ ያለ ትራፊክ መጨናነቅ። ሆኖም ሐዲዱ በብዙ ቦታ መሬት ለመሬት በአጥር ተከልሎ ስለሚሄድ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ያኔ አንድ ነገር በግልጽ ታየ፤ ከመንገዱ ማዶ የነበረ ደንበኛ ለመሻገር ረጅም ርቀት መዞር ካለበት፣ ደንበኛ መሆኑን ያቆማል። ትንሽ ሱቅ ማስታወቂያ የለውም፤ ማስታወቂያው በበሩ የሚያልፈው እግር ነው። እግሩን ስታዞሩት ሱቁን ዘጋችሁት ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነጥባችን መጣን። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ከመሀል ከተማ ብዙ ነዋሪ ወደ ጀሞ፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶ ወሰዱ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ ዶሮ ማነቂያን፣ ቀጥሎም ካዛንቺስን አነሳ። ፍትሐዊ እንሁን። ሰፊው የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመሩ፣ መብራቱ ለእግረኛ ከተማ የሚገባ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ተብሎ መኪና የተከለከለባቸው እሑዶች ሲጀመሩ አስፋልት ላይ ኳስ ሲለጋ ያየ ሰው ይህን አይቃወምም። ከጣራው ውሃ በሚያፈስስ ቤት የኖረ ሰውም አዲስ ቤት ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ጥያቄው ከቤቱ ጋር ያልተጫነው ነገር ምን ሆነ የሚለው ነው። እድር በትራንስፖርት ቋንቋ ሲታይ በእግር የሚደረስ ርቀት ነው። ጥሩምባ ነፊው የሚሰማበት፣ ድንኳኑና ወንበሩ በጎረምሶች ትከሻ የሚጓዝበት፣ እናቶች ንፍሮ ይዘው ሌሊት የሚደርሱበት ርቀት። አባላቱ በአምስት አቅጣጫ ሲበተኑ እድሩ መዋጮውን ሊቀጥል ይችላል፤ ለቅሶ ለመድረስ ግን ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ ይመጣል። አቅም ያላቸው ይመጣሉ፣ አቅም የሌላቸው ያፍራሉ። ባለ ሱቁም እንዲሁ ነው። እቃውን ጭኖ መሄድ ይችላል፤ በዱቤ መዝገቡ ላይ ያሉትን ስሞች ግን መጫን አይችልም። ዱቤ መተማመን ነው፤ መተማመን ደግሞ በየቀኑ በአንድ በር ከማለፍ የተሠራ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ታሪኩ ራሱ መልስ አለው። ፌርማታ ሲተከል ከአስፋልቱ ጋር ለበቆሎ ጠባሿና ለሊስትሮው ሕጋዊ ቦታ አብሮ ይተከል። አዲስ መንደር ሲሠራ አውቶቡሱ ከነዋሪው በፊት ይድረስ፤ ማዞሪያ ሰፈር እንደሚፈጥር 22 አስተምሮናልና። ከአንድ ሰፈር የሚነሱ ሰዎች በተቻለ መጠን በአንድ መንደር ይግቡ፤ እድራቸው በእግሩ እንዲቆም።

ለኛ ለወጣቶቹም የሚሆን ሥራ አለ፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በሰፈራችሁ ያለውን የድሮ ባለ ሱቅ፣ የአውቶቡስ ጡረተኛ፣ የእድር ጸሐፊ አነጋግሩ። ፌርማታው ለምን በዚያ ስም ተጠራ? አውቶቡሱ ከየት ወዴት ይሄድ ነበር? ከመንገዱ ማዶ ማን ምን ይሸጥ ነበር? ጻፉት፣ በስልካችሁ ቅረጹት፣ አስቀምጡት። የፈረሰ ግንብ ፎቶ ይገኝለታል። ከማዞሪያው እስከ ቤት ድረስ የነበረው የእግር መንገድ ግን ያለው በተመላላሾቹ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ እነሱም እያረጁ ነው።