የኤውክሊድ መልስ በኡርዱ ቋንቋ

የሒሳብ ሊቃውንት ንግግር አጭር ስለ ሆነ ለመተርጐም ቀላል ይመስላል። አንዱን ብቻ ወስደን እንመርምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረውን ኤውክሊድን፥ ንጉሥ በጥሊሞስ ጂኦሜትሪ የሚማርበት አጭር መንገድ እንዲያሳየው ቢጠይቀው፥ ለዚህ ትምህርት የንጉሥ መንገድ እንደሌለው መለሰለት ይባላል። ወሬውን የተረከው ከ700 ዓመት በላይ ቈይቶ የተነሣው ፕሮክሉስ ነው።

በሰሜን ሕንድ ያደገው የኡርዱ ቋንቋ «ሻህራህ» የሚል ቃል አለው። ቃል በቃል የንጉሥ መንገድ ማለት ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ የሚረዳው ማንም የሚሄድበትን አውራ ጐዳና ነው። ተርጓሚው ይህን ቃል ቢጽፍ የኤውክሊድ ቀልድ ይጠፋል፤ ንጉሡም ከነገሩ ይወጣል! ለትምህርቱ ስም ግን ችግር አልነበረም። ኡርዱ አልጀብራን «ጀብር ኦ ሙቃበላ» ይለዋል፤ ይህም በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የሠራው አልኽዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ስም የመጣ ነው። እኛ አልጀብራ የምንለውም ከዚያው ምንጭ ነው።

በ1825 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የዴልሂ ኮሌጅ ሳይንስን በኡርዱ ያስተምር፥ የአውሮፓንም መጻሕፍት ያስተረጕም ነበር። ከመምህራኑ አንዱ ራምቻንድራ (1821-1880) የሒሳብ መጻሕፍትን በኡርዱ አዘጋጀ። በ1850 ግን በካልካታ አንድ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ። ሐሳቡ፥ ትልቁንና ትንሹን መጠን ያለ ካልኩለስ፥ በአልጀብራ ብቻ ማግኘት ነው። ለምሳሌ ድምራቸው 10 የሆነ የሁለት ቍጥሮች ብዜት እስከ ስንት ይደርሳል? ብዜቱን «በ» ብንለው፥ አንደኛው ቍጥር 5 ሲደመር የ(25-በ) ካሬ ሥር፥ ሁለተኛው 5 ሲቀነስ ያው ሥር ይሆናል። «በ» ከ25 ቢበልጥ ካሬ ሥሩ አይገኝም፤ እንግዲህ ትልቁ ብዜት 25 ነው። ካልኩለስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ረጅሙ መንገድ ነው፤ ራምቻንድራ ግን አውቆ መረጠው።

መጽሐፉ ለንደን ለነበረው ለሒሳብ ሊቁ ለደ ሞርጋን ደረሰው። እርሱም በሕንድ አገር የተወለደ ነበር። ሥራውን እጅግ ስለ ወደደው ረጅም መቅድም ጽፎለት በ1859 ለንደን ላይ እንደ ገና ታተመ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፥ በ1857ቱ ዐመፅ፥ የዴልሂ ኮሌጅ ተዘርፎ፥ የመጻሕፍት ቤቱ ጠፍቶ፥ ርእሰ መምህሩም ተገድሎ ነበር። ራምቻንድራ ሸሽቶ ዳነ።