ራሷን የዘጋች መንደር

በእንግሊዝ አገር፥ በደርቢሺየር አውራጃ፥ በኰረብቶች መካከል ኢም የምትባል አነስተኛ መንደር አለች። በቤተ ክርስቲያኗ ቅጽር ግቢ በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተቀረጸ የድንጋይ መስቀል ስለሚገኝ፥ ክርስትና በዚያ ሥፍራ የቆየ መሆኑ ይታወቃል። ደብሩ ዛሬ በቅዱስ ሎረንስ ስም ይጠራል። ነገር ግን መንደሪቱን ያስጠራት መስቀሉ ሳይሆን በ1665ና በ1666 ዓ.ም. የደረሰባት ቸነፈር ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በ1665 ቸነፈር ሎንዶንን ሲፈጅ፥ ከዚያው ከተማ በኢም ለሚኖር አንድ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ተላከለት። የልብስ ሰፊው ረዳት ጆርጅ ቪከርስ ጥቂት ቀን ታሞ ሞተ፤ በሴፕቴምበር 7 ቀን መቀበሩም በደብሩ መዝገብ ተጽፎአል። በሽታውን ቍንጫ እንደሚያስተላልፈው ዛሬ እናውቃለን፤ ያን ጊዜ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በመንደሪቱ የማይስማሙ ሁለት ቀሳውስት ነበሩ። ቶማስ ስታንሊ ስለ ጸሎት መጽሐፍ በ1662 የወጣውን ሕግ አንቀበልም በማለታቸው ከሹመታቸው የተወገዱ ሽማግሌ ሲሆኑ፥ ዊልያም ሞምፔሰን በ1664 የተሾሙ፥ ገና 30 ዓመት ያልሞላቸው ሰው ነበሩ። ሕዝቡ ልቡ ከስታንሊ ጋር ስለ ነበረ፥ ሞምፔሰን ብቻቸውን ቢናገሩ ኖሮ የሚሰማቸው የነበረ አይመስለኝም። በጁን 1666 ግን ሁለቱ በአንድነት ቆመው፥ ማንም ከደብሩ ወሰን እንዳይወጣ፥ ጸሎትም ኩክሌት በሚባለው ሸለቆ ሜዳ ላይ እንዲደረግ፥ እያንዳንዱም ቤተ ሰብ ሙታኑን ራሱ እንዲቀብር ለመኑ፤ ሕዝቡም እሺ አለ። የጎረቤት ሰዎችና በቻትስዎርዝ የሚኖሩት የዴቮንሺየሩ ኧርል ምግብ ይልኩላቸው ነበር። ምግቡ ከወሰኑ ላይ ይቀመጣል፤ ዋጋውም በድንጋይ ጕድጓድ በተሞላ ሆምጣጤ ውስጥ ይጣላል።

ቸነፈሩ በኖቬምበር 1666 ሲያበቃ የሞቱት 260 ያህል ነበሩ። በሽታው ወደ ጎረቤት ደብሮች አልተላለፈም። ይሁን እንጂ በወሰኑ ውስጥ የቀሩት ወጥተው ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ይድኑ ነበር የሚሉ አሉ።

ብዙ ጸሐፊዎች የሚያመሰግኑት ሞምፔሰንን ነው። እርሳቸውም ዋጋ ከፍለዋል፤ ባለቤታቸው ካትሪን ከጎናቸው አልለይም ብለው ቀርተው በኦገስት 1666 ሞተዋል፤ መቃብራቸውም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ልጆቻቸውን ግን ወሰኑ ሳይዘጋ አስቀድመው ወደ ዮርክሺየር ልከዋቸው ነበር። አባት ናቸውና አልነቅፋቸውም። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባለው የገበሬ ሚስት ግን ልጆቿ ከእርስዋው ጋር ነበሩ። በዚያው በኦገስት ወር፥ በ8 ቀን ውስጥ፥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ብቻዋን ቀበረች። የመቃብራቸው ድንጋዮች ከመንደሪቱ ውጭ፥ በመስክ መካከል፥ በክብ የድንጋይ ካብ ተከበው እስከ ዛሬ ይታያሉ።